ስሙ ማን ይላል?

አዲስ አገልግሎት ውስጥ ለመግባት ስልኩን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ባዶ ሳጥን ነው። የተጠቃሚ ስም አስገባ ይለዋል። ያሻውን ይጽፋል። ማሽኑ የሚያጣራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ስም ቀድሞ የያዘው ሰው አለ ወይስ የለም? ካልተያዘ የሱ ሆነ። ማን አወጣልህ፣ በማን ፊት፣ ስለ ምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስም ያለ ምስክር እንዲህ በቀላሉ የተገኘበት ሌላ ዘመን አላውቅም። ወጣቶች እዚያ ሳጥን ውስጥ «ማንም»፣ «አድሚን»፣ «ስም የለኝም»፣ «ዲሊትድ አካውንት» ብለው ሲጽፉ አብዛኛው ሰው የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ስም የማን ነው የሚለውን ጥያቄ እነዚህ ልጆች ሳያውቁት የነኩት ይመስለኛል። የተሸካሚው ነው ወይስ የጠሪው?

በወለጋ፣ በባኬ ጃማ ምድር፣ ስም የሚወጣው ሰው ባለበት ነው። በጥንቱ የኦሮሞ ሥርዓት አራስ ልጅ በሃማቺሳ ወደ ሃይማኖት አባቱ ተወስዶ ምርቃትና ስም ይቀበላል። ቤተ ክርስቲያን የሚስም ቤተሰብ ወንዱን በ40 ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ የክርስትና አባት ወይም እናት አጠገብ ቆመው ስሙን ይሰማሉ። በሞጋሳ ደግሞ ከሌላ ወገን የመጣ ማኅበረሰብ በመሐላ ወደ ጎሳው ገብቶ የትውልድ ሐረጉን ይወርሳል። ሥርዓቶቹ አይመሳሰሉም፤ የሰማ ሰው መኖሩ ላይ ግን ይገናኛሉ። ስሙን የሰሙት ሰዎች ነገ ልጁን በዚያ ስም ይጠሩታል፣ ካጠፋም በዚያው ስም ይወቅሱታል።

ይህ ማለት ሰው አንድ ስም ብቻ ይዞ ይኖር ነበር ማለት አይደለም። ነቀምቴ ላይ ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ የቆመው የሌቃ ገዥ ኩምሳ ሞሮዳ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ከአዲስ አበባ የሚጻፍላቸው ደብዳቤ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር እያለ ይመጣል፤ ለአገሬው ግን ኩምሳ ናቸው። ሁለቱ ስሞች ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶችን ይዘዋል፤ አንዱ ከማዕከሉ መንግሥት ጋር፣ ሌላው ከሌቃ ምድርና ከአባታቸው ከሞሮዳ በከሬ ጋር። ማንም በሁለቱ ተደናግሮ የሌላ ሰው ዕዳ አልከፈለም።

ከእሳቸው ይልቅ ልቤን የሚነካው የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ ነው። በ1850ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሲወለድ ሂካ ይባል ነበር። በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው ያ ባሪያ የነበረ ሰው ስም ነው። እሱ የተረጎመው፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ሲታተም ይህ ስም የታወቀ ሆነ፤ በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ሲያስተምር፣ በ1931 እዚያው ሲያርፍም ሰው ያወቀው በዚሁ ነው። ሻጮቹ በየገበያው ምን ብለው እንደጠሩት ማን ያውቃል? በባርነት የሚሰጥ ስም ገዢው ለራሱ እንዲመቸው የሚለጥፈው ነው። ለዚህ ሰው አዲስ ስም መያዝ መደበቅ አልነበረም። በሰው ፊት እንደገና ቆሞ እኔ ይህ ነኝ ማለት ነበር።

የዛሬው የተጠቃሚ ስም በአገራችን ቅድመ አያት አለው ከተባለ የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። አጭር ነው፣ ይፎክራል፣ ሰውዬው ስለ ራሱ ሊባልለት የሚወደውን ይናገራል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ከሚመርጡት ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው። ነገር ግን የፈረስ ስም ሠራዊቱ ካልጠራው፣ አዝማሪው ካላነሣው ስም አይሆንም፤ የፈረሱ መጠሪያ ሆኖ ይቀራል። ሰውዬው ቢመርጠውም የሚያጸድቁት ሌሎች ናቸው።

አሁን በተጠቃሚ ስም ወደሚሠራው ተንኮል ልመለስ፤ ተንኮሉ ብዙ ዓይነት ነውና በአንድ ሚዛን መመዘን የለበትም።

በመጀመሪያ ማሽኑን ራሱን የሚያጫውት አለ። ቴሌግራም ላይ አካውንቱን ያጠፋ ሰው ስሙ ይነሣና «ዲሊትድ አካውንት» የሚል ይተካበታል። አንድ ተማሪ ይህን አይቶ በሕይወት እያለ ስሙን «ዲሊትድ አካውንት» ይላል። የክፍሉ ግሩፕ ውስጥ ሲጽፍ ሰው ይደነግጣል፤ የጠፋ አካውንት እንዴት ይናገራል? ልጁ ያደረገው ነገር ረቂቅ ነው። ማሽኑ ሰው የለም ለማለት የሚጠቀምበትን ቃል ወስዶ እኔ አለሁ ለማለት ተጠቀመበት። ሆሜር የተረከለት ኦዲሴዎስም ይህንኑ ነው ያደረገው። አንድ ዓይናው ግዙፍ ዋሻው ውስጥ ስምህ ማን ነው ሲለው «ማንም» አለ። ግዙፉ ዓይኑ ተወግቶ ሲጮህ ጎረቤቶቹ መጥተው ማን ጎዳህ አሉት፤ ማንም ሲላቸው ተመልሰው ሄዱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኦዲሴዎስ በሐሰት ስሙ አመለጠ፤ መርከቡ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ኩራት አሸንፎት እውነተኛ ስሙን ከነአባቱ ስም ጮኾ ተናገረ፤ እርግማኑም በዚያ ስም ተከተለው። ለእርግማን እንኳ አድራሻ የሚሆነው ከነአባት የተጠራ ስም ነው።

ማሽኑን የሚያጫውት ስም አንዳንድ ጊዜ ተጫዋቹን ይይዘዋል። አንድ የካሊፎርኒያ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ መኪናው ላይ «ነል» የሚል ታርጋ አስወጣ። በኮምፒውተር ቋንቋ ምንም አልተሞላም የሚል ምልክት ነው። ትራፊኮች የታርጋ ቁጥር ሳይሞሉ የጻፉት ቅጣት ሁሉ ለእሱ ይላክለት ጀመር፤ ድምሩ ከ12,000 ዶላር አለፈ። በ2019 ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል። ባዶነትን ስሙ ያደረገ ሰው የባዶውን ሁሉ ዕዳ ተሸከመ። ለኔ ይህ ስለ ስም ከተነገሩት ታሪኮች ሁሉ በጣም እውነት ያለበት ነው፤ በማንም ላይ ጉዳት ሳያደርስ ሥርዓቱ የተመካበትን ባዶ ቦታ አሳየ፣ ጣጣውም የመጣው በራሱ ላይ ነው።

ቀጥሎ የቤቱን ባለቤት ስም የሚወስድ ይመጣል። «አድሚን»፣ «ሰፖርት»፣ «ዌብማስተር» የሚሉት ስሞች ለአገልግሎት ሰጪው ለራሱ የተተዉ ናቸው። በ1997 የኢንተርኔት መሐንዲሶች እያንዳንዱ ድርጅት ለሥራ የሚይዛቸውን የኢሜይል ስሞች በዝርዝር አውጥተው ነበር። አዲስ አገልግሎት ግን ሲቸኩል ይህን ይረሳል። በ2015 አንድ የፊንላንድ ሰው በማይክሮሶፍት የኢሜይል አገልግሎት ላይ «ሆስትማስተር» የሚል አድራሻ ክፍት ሆኖ አገኘና ያዘው። ቀጥሎ በዚያ አድራሻ ብቻ የጠቅላላው ድረ ገጽ ባለቤትነት የሚረጋገጥበትን የደኅንነት ሰርተፍኬት ጠየቀ፤ ተሰጠውም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰርተፍኬት ሰጪው ከዚህ አድራሻ የመለሰልኝ ሰው ባለቤቱ ነው ብሎ ያምናል። ሰውዬው ሊሰልልበት ይችል ነበር። እሱ ግን ለኩባንያው ነገረ፤ ወዲያው የሰማው አልነበረም፤ በመጨረሻ ሰርተፍኬቱ ተሻረ። ይህንን ሰው አከብረዋለሁ። የያዘው ስም ያው የአታላይ ስም ነበር፤ ከአታላይ የለየው ከያዘ በኋላ ያደረገው ነው።

በአገራችን ቋንቋዎች ደግሞ ማንም ተንኮል ሳያስብ የሚፈጠር መደናገር አለ፤ ስለዚህ ሲወራ ብዙም አልሰማም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ለአማርኛ አንባቢ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ አንድ ሰው ነው፤ ሰላምና ሠላምም እንዲሁ። ለማሽኑ ግን የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በፊደላችን ስም የሚመዘግብ ማንኛውም አዲስ አገልግሎት ካላሰበበት ለእያንዳንዱ ኃይሉ በርካታ ጥላ እያዘጋጀ ነው። ያሰቡበት አሉ። በ2017 ለኢንተርኔት የላይኛው የአድራሻ ደረጃ የግዕዝ ፊደል ደንብ ሲሠራ በድምፅ የሚመሳሰሉት ፊደላት የአንዱ ተለዋጭ ተደርገው ተቆጠሩ፤ አንዱ ከተያዘ ሌላው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ። ደንቡን የሠሩት ሰዎች ስምን በዓይን ሳይሆን በጆሮ መዘኑት፤ በዚህም ልክ ናቸው፤ እኛ ስም የምንጠራው በአፍ ነውና።

ወለጋ ላይ መደናገሩ ይደራረባል። ቴሌግራም ለተጠቃሚ ስም የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ነው። ከ1991 በፊት የተማረ ሰው ስሙን በአማርኛው አጻጻፍ ልክ ወደ ላቲን ያዞረዋል። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን አጻጻፍ፣ የተማረው ልጁ ደግሞ የአባቱን ስም ሲጽፍ የሚረዝመውን አናባቢ ሁለት ጊዜ፣ የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ያደርጋል። አባትና ልጅ አንድን ስም ለየብቻ ይጽፋሉ። ከተማዋ ራሷ ነቀምት፣ ነቀምቴ፣ ለቀምት እየተባለች ተጽፋለች፤ በውጭ ካርታዎችም ለቀምቲ ተብላ ትገኛለች። በዚህ መካከል ለሚገባ አታላይ አንድ ፊደል መጨመር ይበቃዋል። ትልቁ የላቲን አይና ትንሹ ኤል በብዙ ስልክ ላይ አንድ ቋሚ መስመር ሆነው መታየታቸው ሲጨመርበት፣ በዓይኑ ብቻ የሚያምን ሰው መከላከያ የለውም።

የጎረቤትን ስም የሚወስደው የመጨረሻው ዓይነት ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። «በስሜ የተከፈተ ፌክ አካውንት ነው፣ ሪፖርት አድርጉልኝ» የሚለው ጥሪ የማያየው ሰው የለም። ስሙንና ፎቶውን አንሥተው ለዘመዶቹ «ቸግሮኛል፣ ትንሽ ላክልኝ» ብለው ይጽፋሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። አፄ ያዕቆብ በ1607 ጎል ላይ ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጋ ከተገደለ በኋላ፣ በሰሜን በደብረ ቢዘን አካባቢ ያዕቆብ እኔ ነኝ የሚል ሰው ተነሣ። ፊቱን በከፊል ይሸፍን ነበር፤ በጦርነቱ ቆስዬ ነው ይል ነበር። ሰው ተከተለው፣ ጦርነት ተነሣ፣ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም ተገደለ። ያ ሰው ያታለለው በሽፋኑ ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ ያዕቆብ በሕይወት ቢኖር ይመኝ ነበር፤ ስሙም ያንን ምኞት ጠራ። አታላይ ስም ሲወስድ አብሮ የሚወስደው ሌሎች ለዚያ ስም ያላቸውን ፍቅር ነው። ገንዘቡን የሚልከው ዘመድ የተዘረፈው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚወድ ነው።

በወለጋ ገጠር ምራት የባሏን አባት በስሙ አትጠራም። አንዳንዶች ይህን የሴት ጭቆና ብቻ አድርገው ያዩታል፤ ጭቆና እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን ውስጡ ስለ ስም አንድ ዕውቀት አለ፤ የሰውን ስም አፍ ላይ ማድረግ ሰውዬውን መንካት ነው የሚል። ያለ ፈቃድ የሰው ስም ይዞ ብድር የሚጠይቅ ይህን ዕውቀት የረገጠ ሰው ነው።

ሕዝቡም ራሱ መከላከያ አበጅቷል። ቴሌብር በ2021 ከመጣ ወዲህ፣ በባንክ መተግበሪያዎችም ላይ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። በየሱቁ የምንሰማው ጥያቄ ከዚያ መጣ፤ ስሙ ማን ይላል? ላኪው ስሙን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ባለሱቁ «አዎ፣ እሱ ነው» ይላል፣ ገንዘቡ ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ማሽኑ የነሣንን ምስክር ሁለት ሰዎች መልሰው ያቆሙታል።

እስከዚህ የመጣ አንባቢ ታዲያ ሁሉም ሰው በመታወቂያው ስም ይጻፍ የምል ሊመስለው ይችላል። በፍጹም አልልም። በ2020 ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ ወለጋንም ጨምሮ፣ ኢንተርኔትና ስልክ ተቋርጦ ነበር። ኮሮና አገር ውስጥ መግባቱ ሲነገር ያ አካባቢ ገና ጨለማ ውስጥ ነበር፤ ውጭ አገር ያለው ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። በእንዲህ ያለ ዘመን የኖረ ሰው ያየውን በሌላ ስም ቢጽፍ ማን ይፈርድበታል? ከአንዱም ከሌላውም ወገን ታጣቂ የሚፈራ፣ ልጆቹን የሚያስብ፣ ግን ዝም ማለት ያልቻለ ሰው የያዘው የብዕር ስም ማንንም አያደናግርም። እኔ እከሌ ነኝ አይልም፤ ማን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ ነው የሚለው። ፊትን መሸፈንና የሌላውን ፊት መልበስ የተራራቁ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ሕግ የሚቀጣ አገልግሎትም ሆነ መንግሥት መጀመሪያ የሚጎዳው እውነተኛውን ሰው ነው። ፌስቡክ የእውነተኛ ስም ደንቡን ሲያጠብቅ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስማቸው የተፈጠረ ይመስላል እየተባለ ተዘጋባቸው። ማንያህልሻል፣ ማንደፍሮ፣ ሁሉአገርሽ የሚባሉ ሰዎች የምንኖርበት አገር ይህን መረዳት አያቅተውም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስም የሚሆንበት ባህል ውስጥ እውነተኛ የሚመስል ስም የሚባል ነገር የለም።

ያለ ምስክር የተያዘ ስም ምስክር ሳያገኝ አይቀርም፤ ዘግይቶ ይመጣበታል። ካሣ ኃይሉ በ1855 ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ቴዎድሮስ ተባለ። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ ይመጣል የተባለው የጻድቁ ንጉሥ ስም ነው፤ ሕዝቡ ለሚመጣው ጠብቆ ያስቀመጠው ስም ነበር። ካሣ ያንን ስም ሲይዝ መለኪያውንም ያዘ። እስከ መቅደላ ድረስ የሠራው ሁሉ ከስሙ ጋር ተመዘነ። ዛሬም በ18 ዓመቱ ለሣቅ ብሎ የያዘው ስም በ30 ዓመቱ የንግዱ ስም የሆነበት ሰው ብዙ ነው። ደንበኛ አውቆታል፣ ዕቁብተኛው በስልኩ የመዘገበው በዚያ ነው። ለማንም ሳይነግር ብቻውን የያዘው ስም አሁን በሌሎች እጅ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥያቄ አዳዲሶቹን አገልግሎቶች የሚሠሩት ወጣቶቻችን እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ፤ ባለቤቱ የተወው ስም ምን ይሁን? ያሁ በ2013 ለረጅም ጊዜ ያልተከፈቱ የኢሜይል ስሞችን ነጥቆ ለአዲስ ፈላጊ ሰጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች የቀድሞዎቹን ደብዳቤ፣ የሐኪም ቀጠሮና የባንክ መልእክት ይቀበሉ ጀመር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተንኮለኛ የለም፤ ስም ሲለቀቅ ባዶ ይሆናል ብሎ ያሰበ ድርጅት ብቻ ነው ያለው። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስም ቦታውን አይለቅም። በልጁ ስም ላይ ሁለተኛ፣ በልጅ ልጁ ስም ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይቀመጣል። የኦሮሞ ልጅ ሐረጉን ሲቆጥር ሰባት አባት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከሰባቱ አንዱም ክፍት ቦታ ተብሎ ለሌላ አይሰጥም። የተጠቃሚ ስምም አንድ ጊዜ ሰው ከተጠራበት፣ ባለቤቱ ቢሞትም ቢተወውም፣ ለሌላ መሰጠት የለበትም። ማከማቻው ውድ አይደለም፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ስሙን የያዘው አንዴ «አድሚን» ልበል ብሎ የቀለደ ልጅ ቢሆን እንኳ፣ በዚያ ስም «ደህና ነህ ወይ?» ብሎ የጻፈለት ሰው አለ፤ ያ ሰው ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢጽፍ የማያውቀው ሰው ሊመልስለት አይገባም።